ሲሪንጅ ነፍቼ ልቤ ረጋ፤ ከዚያ የመጣው ክርክር

ባለፈው ሳምንት ጎንደሬዎች የምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣልኩ። በ3 ቀን ውስጥ 19 መልስ ተጻፈበት። አንዳንዱ አስተማረኝ፣ አንዳንዱ አበሳጨኝ፣ አንዱ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። ሁሉም ሰው እስከ ታች ወርዶ እንደማያነብ አውቃለሁ። ስለዚህ ክሩን በራሴ አነጋገር ከመነሻው ጀምሬ ልተርክላችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አላሰፈርኩም።

መነሻው (የእኔ)

መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ልቤ ድንገት ተነስቶ መደለቅ ከጀመረ 3 ዓመት አለፈው። እንደ ሩጫ ቀስ እያለ አይጨምርም። እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ቀጭ ሲል ይነሳል፣ ቀጭ ሲል ይቆማል። ሁለት ቦታ ታይቼ ጭንቀት ነው ተብዬ ተመልሻለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ዓይን ነው ብለውኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠመኔ እንደያዝኩ ክፍል ውስጥ ተነሳብኝ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ቃል እንኳ አልጨረስኩም። ባልደረባዬ በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል አደረሰችኝ። የኢሲጂውን (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን ማሽን) ገመድ ደረቴ ላይ ሲለጥፉ ምቴ በደቂቃ 186 ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አምጥቶ መርፌውን አወለቀ። ከዚያ ገፊው ንቅንቅ እስኪል ድረስ በጫፉ በኩል እንድነፋ ነገረኝ። ትራስ ተደግፌ 15 ሴኮንድ ነፋሁ። ጉንጬ ሊፈነዳ ደረሰ። ልክ እንደጨረስኩ አልጋውን ዘርግተው በጀርባዬ አስተኙኝ፤ ነርሷም ሁለት እግሬን ብድግ አድርጋ ያዘች። ልቤ አንዴ ቀጥ አለ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ማሽኑ ላይ 82።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ትንፋሽ እንዴት ልብን ያዝዛል? መሃል ላይ ያለው ነርቭ ከሆነ፣ ሌላውንስ የልብ ምት መዛባት በነርቭ በኩል ማከም አይቻልም ወይ? መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ልቡ የሚደልቅበት ሰው ሁሉ ለክሊኒክ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መጀመሪያ ሲሪንጅ ይሞክር አልኩ። እሳቱን የለኮሰችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

1.
የመጀመሪያዋ መላሽ እንኳን ተረፍሽ ብላ ምርቃት አወረደችልኝ። ቀጥላ ቡና ታበዣለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። አቦልና ቶና እንደምጠጣ፣ በረካ ላይ እንደማልደርስ ነገርኳት።

2.
ሁለተኛው ፊዚዮሎጂ እንደሚያስተምር የገለጸ ሰው ነው። ለክሩ መሠረት የጣለው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ልብ የራሱ ምት አመንጪ እንዳለው ነገረን። ማንም ካልነካው አንድ ወጣት ልብ በደቂቃ ወደ 100 ይመታል። ታዲያ ቁጭ ስንል 70 የሚሆነው ለምንድን ነው? ቬገስ የሚባለው ነርቭ ይዞ ስለሚያዘግመው ነው። ቬገስ 10ኛው የራስ ነርቭ ነው። ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ደረት፣ ከዚያም እስከ ሆድ ይወርዳል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሌላው ወገን ደግሞ ምቱን ያፈጥናል። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ለሚያውቅ፣ አንዱ ልጓም ሌላው ጅራፍ ነው። ሁለቱም ያለ ፈቃዳችን ነው የሚሠሩት።

የእኔን ሁኔታም አብራራ። በልቤ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ክብ ሠርቶ እየዞረ ነበር። ክቡ የሚያልፈው በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ባለች ትንሽ ድልድይ ነው። ስነፋ ደረቴ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ስለቀው ደሙ ተንደርድሮ ይመጣል፤ የደም ግፊቴም ሽቅብ ይወጣል። በአንገት ደም ሥርና በትልቁ የደም ሥር ላይ ያሉ ጠባቂዎች ይህን ለአንጎል ያሳውቃሉ። አንጎል ያኔ ልጓሙን ይስባል። ድልድዩ ለአፍታ ይዘጋል፣ ክቡ ይቆረጣል። ያ ልቤ ቀጥ ያለባት ቅጽበት ይህች ነበረች። 3 ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም።

እግር የሚነሳው ደሙ ይበልጥ እንዲመለስ መሆኑንም አከለ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር በ428 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ጠቀሰ። እንደ እኔ ተደርጎላቸው ተኝተው እግራቸው ከተነሳው ከ100ው 43ቱ ምታቸው ተስተካከለ። እግራቸው ሳይነሳ ከነፉት ግን 17ቱ ብቻ ናቸው። አንድ መድኃኒት ሳይጨመር፣ በአተኛኘት ብቻ!

3.
ይኸኛው የደንቢያ ልጅ ነው። እናቱ ልባቸው ሲነሳባቸው በቀዝቃዛ ውኃ የተሞላ ገበቴ ውስጥ ፊታቸውን እንደሚነክሩ ጻፈ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ራሳቸው ያገኙት ዘዴ ነው። 2ኛው ተመልሶ አረጋገጠለት። ፊት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ቬገስ ይነሳል። እንስሳት ውኃ ውስጥ ሲጠልቁ አየር የሚቆጥቡበት ሥርዓት ነው። ሴትዮዋን ባገኛቸው ደስ ባለኝ።

4.
እዚህ ላይ አየሩ ተለወጠ። 4ኛዋ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገሬን ነጥላ አወጣችና ኃላፊነት የጎደለው ነው ብላ ጻፈች።

ምክንያቷን ተረከች። ታናሽ እህቷ 24 ዓመቷ ነው። ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ አንድ ጊዜም ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ተኝታለች። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ። ካደገች በኋላ ልቤ ይመታል ማለት ጀመረች፤ እሷንም ጭንቀት ነው አሏት። አንድ ጠዋት ቡና ስትቀዳ ጀበናው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏም ተያዘ። ሆስፒታል ሲታይ የልቧ በር ጠቧል። ያ የልጅነት የጉሮሮና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሩማቲክ የሚባለው በሽታ፣ የተወው ጠባሳ ነው። የላይኛው ክፍል ሥርዓት ባለው ምት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ደሙ እዚያ ሲዘገይ ረግቶ፣ የረጋው ቁራጭ ወደ አንጎል ሄዷል።

እህቷ የእኔን ጽሑፍ አንብባ ቢሆን ኖሮ ቤት ቁጭ ብላ ሲሪንጅ ስትነፋ ትውል ነበር አለች። የእህቷ ምት በዚያች ድልድይ ዙሪያ የሚዞር አይደለም። ብትነፋ ለአፍታ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቆምም። ሲሪንጅ ደግሞ የረጋ ደም አያቀጥንም።

ያን ሌሊት 3 ጊዜ መልስ ጽፌ 3 ጊዜ አጠፋሁት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ጀበናው ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

5.
ጡረታ የወጡ ሲስተር ናቸው። በእኛ ከተማ ለ30 ዓመት እንደሠሩ ነገሩን። 4ኛዋን በአነጋገሯ ገሰጿት፤ በፍሬ ነገሩ ግን ከእሷ ጋር ቆሙ። ከዚያም ሌላ የረሳነውን አነሱ፦ እንቅርት። አዮዲን በሚያንሰው በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ እንቅርት ሆርሞን ያበዛል፤ ያኔ ልብ ለጅራፉ ስስ ይሆናል። ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይችልም፣ ልቡ ይደልቃል። ይህን ሰው ቬገሱን ብታባብሉት ዋናው ነገር አይነካም። መታከም ያለበት እንቅርቱ ነው ብለዋል።

አንድ ነገር ግን አስገርሞኛል። የነርቭ ሕክምና እንደ አዲስ ነገር ለምን ይወራል ብለው ጠየቁ። በየፋርማሲው ያለው ፕሮፕራኖሎል ምን ሆነና? አድሬናሊን (ስንደነግጥ ሰውነት የሚረጨው ሆርሞን) ልብ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይዞ ጅራፉን ከንቱ ያደርገዋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ጄምስ ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል። አስም ያለበት ሰው ግን በራሱ ገዝቶ እንዳይውጠው አጥብቀው አስጠነቀቁ። ትንፋሽ ያሳጥራልና።

6 እና 7.
አንዱ ሐኪሞች ገንዘብ ብቻ ነው የሚያዩት ብሎ ወጣ። ሌላው ጫት ሲቅም ልቡ እንደሚደልቅ፣ ግን ጫቱን መተው እንደማይፈልግ ጻፈ። ጫትም ጅራፍ ነው ተብሎ አጭር መልስ ተሰጠው።

8.
የዚህን ሰው ጽሑፍ 2 ጊዜ ነው ያነበብኩት። የታሪክ መምህር መሰለኝ። ቬገስን በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልብ እንደሚዘገይ ዌበር የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ያሳዩት በ1845 (እ.ኤ.አ.) ነው። ነርቩ ለልብ መልእክቱን በምን ያደርሳል የሚለው ግን ብዙ አከራከረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚል ነበር፤ በኬሚካል ነው የሚልም ነበር።

ኦቶ ሎዊ የሚባል ተመራማሪ መልሱን በሕልሙ አየ። ሌሊት ነቅቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተኛ። ጠዋት ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ተመልሶ መጣለት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ያን ጊዜ ግን እንቅልፉን አላመነውም። ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አወጣ። የአንደኛውን ቬገስ ነካ፤ ልቡ ዘገየ። ከዚያ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ በሌለው ሁለተኛው ልብ ላይ አደረገ። እሱም ዘገየ! ልጓሙ ፈሳሽ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ኋላ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል መሆኑ ታወቀ። ሙከራው በ1921 ታተመ፤ በ1936 ሎዊ ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

9፣ 10፣ 11 እና 12.
ወሬው ወደ ጥምቀት ተሳበ። ጎንደር ላይ ስለ ውኃ ተነስቶ ጥምቀት ሳይነሳ አይቀርም። 9ኛው ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ስለሚዘሉት ወጣቶች ጠየቀ። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ይደነግጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጅራፉ ያርፍበታል። በዚያው ቅጽበት ፊቱ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ልጓሙም ይሳባል። በቅሎዋን በአንድ ጊዜ መግረፍና መያዝ ነው። ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2012 (እ.ኤ.አ.) ይህ ግጭት የልብ ምትን ሊያዛባ እንደሚችል ጽፈዋል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። የልብ ሕመም ያለበት ግን ያስባል።

10ኛው በጣም ተቆጣ። በዓላችንን አታርክሱብን ዓይነት ነገር ጻፈ፤ 9ኛውንም እምነት የለህም አለው። ይህ አልተገባም። ማንም በውኃው ላይ ክፉ አልተናገረም። 11ኛው ዲያቆን ነው። ረጋ ብሎ፣ ካህኑ ከባረኩት በኋላ በርቀት የተረጨም እንደዘለለው በረከቱን እንደሚያገኝ አስታወሰ። የታመመ ሰው ዳር ቆሞ ቢረጭ ምንም እንደማይጎድልበት ጻፈ። እኔም ከዲያቆኑ ጋር ነኝ። 12ኛው የታናሽ ወንድሙን ፎቶ ለጠፈ። ልጁ አየር ላይ ነው፤ እጁ ተዘርግቷል፣ አፉ ተከፍቷል። ስለ ልብ ግን ምንም አልጻፈም።

13.
ይህች ሐኪም ናት፤ የጥያቄዬን ሁለተኛ ክፍል የመለሰችው እሷ ናት። በነርቭ በኩል ማከም ይቻላል፤ ከተጀመረም ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቶማስ ዮኔስኮ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1916 (እ.ኤ.አ.) ቡካሬስት ላይ የአንድ በሽተኛን የግራ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ቋጠሮ ቆርጦ አወጣ። ሰውየው ከባድ የደረት ሕመምና አደገኛ የልብ ምት መዛባት ነበረበት። ዛሬም በዘር የሚወረስ የልብ ኤሌክትሪክ ችግር ኖሮባቸው ፕሮፕራኖሎልና መሰሎቹ ላልበቋቸው ልጆች ይህ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። እነዚህ ልጆች ሲደነግጡ ወይም ሲሮጡ በድንገት የሚወድቁ ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ የታችኛው የልብ ክፍል በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ገዳይ ወደሆነ ምት ይገባል። በሽተኛው በኤሌክትሪክ ይመለሳል፤ ተመልሶ ይገባል። ሕመሙና ፍርሃቱ ራሱ ጅራፉን ያበረታል። ያኔ በአልትራሳውንድ እያዩ አንገት ሥር ባለው የነርቭ ቋጠሮ ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋሉ። ማዕበሉ ጋብ ይላል፤ ሐኪሞቹም ጊዜ ያገኛሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጆሮው ነገር ነው። የቬገስ አንድ ቅርንጫፍ ጆሮ ድረስ ይመጣል። ጆሮውን ሲጠርግ የሚያስለው ሰው አላጋጠማችሁም? ምክንያቱ ይኸው ቅርንጫፍ ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ነበር። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሄድ መለስ ለሚልባቸው 53 ሰዎች ጆሮ ላይ ትንሽ መቆንጠጫ ተደረገ። ግማሾቹ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ባለችው ጉብታ፣ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ በጆሮ ጉትቻ ቦታ። በቀን 1 ሰዓት፣ ለ6 ወር፣ ሰውን የማያሳምም ደካማ ኤሌክትሪክ። በ6ኛው ወር ጉብታዋ ላይ የተደረገላቸው ሰዎች የተዛባ ምት ከሌሎቹ በ85 በመቶ ያነሰ ሆነ። 53 ሰው ትንሽ ነው፤ በዚህ ብቻ ሕክምናው ተረጋግጧል ማለት እንደማይቻል አጥብቃ አስምራበታለች። በሩ ለጠበበ ልብ ደግሞ መልሱ ይህ እንዳልሆነ፣ 4ኛዋን በአክብሮት ጠቅሳ ጻፈች።

14 እና 15.
14ኛው የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች አላነበበም መሰለኝ። ወንድሙ ዘንድ የጡንቻ ማሸት ኤሌክትሪክ ማሽን ስላለ አንገቱ ላይ ሊሞክረው እንደሆነ ነገረን። 15ኛው እብድ ነህ ወይ አለው። ስድቡን ባልወደውም መከልከሉ ልክ ነው። 2ኛው ተመልሶ ገባ። አንገት ላይ የሚያልፈው ደም ወደ አንጎል የሚሄድ ነው። ሐኪም የአንገትን ደም ሥር ሲጫን እንኳ መጀመሪያ በማዳመጫ ሰምቶ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ይጫናል፤ ሁለቱንም በአንዴ ፈጽሞ አይነካም። ስትሮክ ያገኘው ሰው ላይ ደግሞ አይሞከርም።

16.
አያቱ መድኃኒት ቀማሚ የነበሩ ሰው ስለ አጤ ፋሪስ ጻፈ። አስተናግርም እንለዋለን፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ነጭ አበባ ያለው እሾሃማ ፍሬ ነው። ውስጡ አትሮፒን አለበት። አትሮፒን የሎዊን ፈሳሽ ልብ እንዳይሰማው ያደርጋል። ልጓሙ ይበጠሳል። ፍሬውን የበላ ልጅ ልቡ ይጋልባል፣ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይለፈልፋል። ስሙስ አስተናግር አይደል! ሐኪም ደግሞ ይህንኑ አትሮፒን ለክቶ፣ ልቡ ከመጠን በላይ ለዘገየበት ሰው ይወጋዋል። አያቱ ለልብ ብለው ለማንም እንዳልሰጡ ደጋግሞ ተናግሯል።

17.
ሯጭ ነው። ቁጭ ሲል ምቱ 46 ነው። በሽታ ይሆን ወይ ብሎ ፈርቷል። 13ኛዋ ካላዞረውና ራሱን ካልሳተ የልምምድ ውጤት እንደሚሆን አረጋጋችው። ለአንዴ ግን ኢሲጂ እንዲነሳ መከረችው።

18.
እንደ እኔ ዓይነት ምት የነበረው ሰው ነው። ውጭ አገር ሄዶ በእግር ደም ሥር በኩል ቀጭን ሽቦ ገብቶለት ክቡ የሚዞርበት ቦታ ተተኮሰለት። ከዚያ ወዲህ አልተነሳበትም። ነርቭ ማባበል መልካም ነው፤ የክቡን መንገድ መዝጋት ግን ይሻላል ባይ ነው። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ብሩን ከየት አመጣለሁ?

19.
የመጨረሻው መልስ ከእኔ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አጠፋኋትና በምትኩ ሌላ ጻፍኩ። ልቡ የሚደልቅበት ሰው፣ ልቡ እየደለቀ ሳለ ኢሲጂ ይነሳ። ካለፈ በኋላ የተነሳ ኢሲጂ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው የሚያሳየው፤ እኔን 2 ጊዜ ጭንቀት ያሰኘኝ ይኸው ነው። ሲሪንጁ ለሁሉም አይደለም። ለእኔም የተፈቀደልኝ ወረቀቱን ያየ ሰው ስለነበረ ነው። 4ኛዋን በስምንት ቃል ይቅርታ ጠየቅኳት። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

በማግስቱ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የኢሲጂ ወረቀቴን አስቀምጬው እንደሆነ ጠየቀች። ቦርሳዬ ውስጥ ነው አልኳት። ቶሎ ፎቶ እንዳነሳው ነገረችኝ። የእህቷ የመጀመሪያ ወረቀት ሲፈለግ ነጭ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል። አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት። ተጠጋግተው የተደረደሩ ሹል ሹል መስመሮች፣ ከዚያ አንድ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ራቅ ራቅ ያሉ ምቶች። ባዶዋን ቦታ በጣቴ ነካኋት። ፎቶ አነሳሁና ላክሁላት።

ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የልብ ክትትል ቀጠሮ አለኝ። እህቷም ደም እንዳይረጋ ለምትወስደው ዋርፋሪን ደሟን የምትለካው ያን ቀን ነው። ካርድ ክፍሉ በር ላይ እንገናኛለን።